በጃርት እሾህ ቆዳ ማስጌጥ፦ ለጀማሪዎች

በጃርት እሾህ ከሚሠሩ ጌጦች ሁሉ የረቀቀው የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ሥራ ነው። ላኮታ፣ ሸየን፣ አራፓሆ፣ ኦጂብዌ፣ ኦዳዋና ሚክማክ የመስታወት ዶቃ ከአውሮፓ መጥቶ ሳይስፋፋ በፊት ልብሳቸውን፣ ጫማቸውን፣ የሕፃን ማዘያቸውንና የቢላ ሰገባቸውን የሚያስጌጡት እሾህ እያራሱ፣ እየጠፈጠፉ፣ በቆዳ ላይ እየሰፉ ነበር። ዛሬም የሚሠሩ አሉ። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ጥበብ አንዷን ቀላል ስፌት፣ ባለ ሁለት ክር የምትባለውን፣ ቤትዎ ሆነው እንዲሞክሯት ደረጃ በደረጃ ያሳያል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ስፌቱ ራሱ ያን ያህል ከባድ አይደለም። ሥራው የሚያምረውም የሚበላሸውም መርፌ ከመነሳቱ በፊት፣ እሾሁ ሲመረጥና ሲርስ ነው። ስለዚህ እዚያ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ እርስዎም እዚያ ላይ አይቸኩሉ።

የትኛው ጃርት?

እኛ አገር የምናውቀው ጃርት ጉድጓድ ውስጥ እየዋለ ሌሊት ወጥቶ ድንችና በቆሎ የሚያጠፋው ነው። እሾሁ ረጅምና ወፍራም፣ ጥቁርና ነጭ እየተፈራረቀበት የሚሄድ ነው። የሰሜን አሜሪካው ጃርት ሌላ እንስሳ ነው። ዛፍ ላይ ይወጣል፣ ቅርፊት እየላጠ ይበላል፣ እሾሁም አጭርና ቀጭን ነው። በአንዱ ገላ ላይ 30,000 ያህል እሾህ አለ። አብዛኛው ነጭ ሆኖ ጫፉ ብቻ ጠቆር ያለ ነው። ነጭነቱ ቀለም ለመቀበል፣ ቅጥነቱ ለመጠፍጠፍ ያመቻል። የእኛው ጃርት እሾህ ግን ቢነከርም እንደዚያ አይታጠፍም፤ ሊያጥፉት ሲሞክሩ ይሰነጠቃል። እሱ የሚሆነው ለሌላ ሥራ ነው፤ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ሁለቱም ጃርቶች እሾሃቸውን አይወረውሩም። እሾሁ ከቆዳው በቀላሉ ስለሚላቀቅ የነካው ላይ ተሰክቶ ይቀራል፤ ተወረወረ የተባለውም ለዚህ ነው። የአሜሪካው እሾህ ጫፍ በዓይን የማይለዩ፣ ወደ ኋላ የዞሩ ጥቃቅን መንጠቆዎች አሉት። ሥጋ ውስጥ ከገባ በኋላ በጡንቻው እንቅስቃሴ ወደ ውስጥ እየዘለቀ ስለሚሄድ፣ ቢወጋዎ ዛሬ ነገ ሳይሉ በወረንጦ ይዘው በገባበት መስመር ቀጥ አድርገው ወደ ውጭ ይንቀሉት። ሕፃናትና ውሻ ባሉበት ክፍል ይህን ሥራ አይሥሩ።

እሾሁን ማግኘት

ለመጀመሪያ ሥራ ታጥቦ የተዘጋጀ እሾህ መግዛት ይሻላል። በአሜሪካና በካናዳ የቆዳና የዶቃ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ይይዙታል። ሲገዙ ቁጥሩን ሳይሆን ርዝመቱንና ውፍረቱን ይጠይቁ። ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ቀጭን እሾህ ለዚህ ሥራ ተስማሚ ነው።

ነባሮቹ ሠሪዎች እንስሳውን ሳይገድሉም ይሰበስባሉ። ብርድ ልብስ ወይም ወፍራም ፎጣ ጃርቱ ጀርባ ላይ ጣል ያደርጉና ወዲያው ያነሱታል፤ ጃርቱ መንገዱን ይቀጥላል፣ ፎጣው ላይ የተሰካው እሾህ ደግሞ እየተለቀመ ይወሰዳል። መኪና ገጭቶት መንገድ ዳር ከወደቀው የሚነቅሉም ብዙ ናቸው። እርስዎ ግን የሞተ እንስሳ ከማንሳትዎ በፊት የሚኖሩበትን ግዛት የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ይጠይቁ፤ ሕጉ ከግዛት ግዛት ይለያያል። ከተፈቀደልዎ ወፍራም የቆዳ ጓንት አድርገው፣ ጥቂት ጥቂቱን ከሥሩ እየያዙ በበቀለበት አቅጣጫ ይሳቡት።

ማጠብና መምረጥ

ያልታጠበ እሾህ ቅባት አለው። ቅባት ያለበት ደግሞ ቀለም አይቀበልም፤ ዥጉርጉር ሆኖ ይወጣል። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምረው እሾሁን ይንከሩት፤ በእጅ ሳይሆን በእንጨት ማንኪያ እያማሰሉ ይጠቡት። ውሃው እስኪጠራ ደጋግመው ያለቅልቁና ፎጣ ላይ ዘርግተው ያድርቁት። አብሮ የተነቀለው ጥቁር ጠጉር ሲደርቅ በቀላሉ ይለያል።

አሁን ወደ ምርጫው። ባሕሉን የሚያውቁት ሠሪዎች እሾሁን ብዙ ጊዜ በአራት ይከፍሉታል። ከጅራቱ የሚገኘው ወፍራሙ ነው፤ ሰፊ ነገር ላይ ለመጠቅለል ይሆናል። ከጀርባው ረጅሙ፣ ከአንገቱ ቀጠን ያለው፣ ከሆዱ አካባቢ ደግሞ ለረቂቅ መስመር የሚሆነው እጅግ ቀጭኑ ይገኛል። ቀድሞ እያንዳንዱን ዓይነት ከእንስሳ ፊኛ ወይም አንጀት በተሠራ ከረጢት ለየብቻ ያስቀምጡት ነበር። ለእርስዎ ክዳን ያለው ጠርሙስ ይበቃል፤ የሹሉ ጫፍ አቅጣጫ አንድ ይሁን።

ነጭ ወረቀት ዘርግተው እሾሁን ጎን ለጎን ይደርድሩ። የተጣመመውን፣ የተሰነጠቀውን፣ መሐሉ ላይ ያበጠውን ያውጡ። ከዚያ ውፍረታቸው አንድ የሆኑትን ብቻ በአንድ ላይ ያድርጉ። ይህ አሰልቺ ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ወፍራም እሾህ በቀጭኖቹ መካከል ከገባ መስመሩ እዚያ ላይ ያብጣል፣ ክሩም ይላላል፣ በኋላ የሚያርመው ነገር የለም። የአንድን ሠሪ ችሎታ ለማወቅ ከፈለጉ ንድፉን ትተው የመስመሩን ስፋት ከዳር እስከ ዳር ይመልከቱ። ስፋቱ የማይለዋወጥ ከሆነ ያ ሰው በምርጫው ላይ ብዙ ደክሟል።

ቀለም

ድሮ ቀለሙ የሚወጣው ከዕፀዋት ነበር። ቀይና ብርቱካናማው ብለድሩት ከሚባል ቀይ ጭማቂ ካለው ሥር፣ ደማቁ ቢጫ በጥድ ዛፎች ላይ ከሚበቅል ሊከን፣ ጠቆር ያለው ከዋልነት ልጣጭ ይገኝ ነበር። ነጋዴዎች ያመጡትን ባለ ቀለም ጨርቅ ቀቅለው ቀለሙን ወደ እሾሁ የሚያዛውሩም ነበሩ። ከ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በኋላ የፋብሪካ ቀለም ገባ።

ለጀማሪ የሱፍ ክር ማቅለሚያ ዱቄት ይበቃዋል። እሾህ እንደ ሱፍና እንደ ጥፍር ከኬራቲን የተሠራ ስለሆነ ሱፍ የሚቀበለውን ቀለም እሱም ይቀበላል። የማይዝግ ወይም ኤናሜል ድስት ያዘጋጁ፤ ይህ ድስት ከዚህ በኋላ ለምግብ አይውልም። በአንድ ሊትር ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቀለምና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ ጨምረው ያሙቁ። እንፋሎቱ ሲነሳ፣ ነገር ግን ሳይፈላ፣ እሾሁን ይጨምሩ። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በዚያው ሙቀት ያቆዩት። ከፈላ እሾሁ ይለፈሰፍስና ይጠማዘዛል፤ ያ እሾህ አይድንም። ቀለሙ ሲይዝ ለብ ባለ ውሃ አለቅልቀው ፎጣ ላይ ያስጡት።

እርድና የሽንኩርት ልጣጭም ይሠራሉ። እርድ ደማቅ ቢጫ ይሰጣል፤ ፀሐይ ግን ቶሎ ያደበዝዘዋል። የሽንኩርት ልጣጭ ወደ ብርቱካናማ የሚያደላ ቡናማ ያወጣል፤ እኔ ከፋብሪካው ቀለም ይልቅ እሱን እወደዋለሁ። የሚቀላቀሉትን ቀለሞች ቁጥር ግን ይገድቡ፦ ለመጀመሪያው ሥራ ነጭና አንድ ሌላ ቀለም ይበቃል።

በዚህ ደረጃ ጫፎቹን አይቁረጡ። እሾሁ ውስጡ ስፖንጅ መሳይ ነገር ያለበት ቱቦ ነው፤ ከተቆረጠ ቀለምና ውሃ ውስጡ ገብቶ ይቀራል።

ማራስና መጠፍጠፍ

ደረቅ እሾህ ይሰበራል። ከመጠን በላይ የራሰ እሾህ ደግሞ ይሸበሸባል። የሚፈለገው በሁለቱ መካከል ያለው ነው። ነባሮቹ ሠሪዎች እሾሁን ጥቂት ጥቂት እያደረጉ አፋቸው ውስጥ ይይዙት ነበር፤ ምራቅ ሙቀቱም ልኩም የተስተካከለ ማራሻ ነው። ሲለሰልስ በጥርሳቸው መካከል ስበው ይጠፈጥፉታል፤ ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ የአጥንት መጠፍጠፊያም አላቸው። ዕድሜያቸውን በዚህ ሥራ ያሳለፉ ሴቶች ጥርሳቸው ይበላ ነበር። እርስዎ በፋብሪካ ቀለም የተቀለመ እሾህ አፍዎ ውስጥ አያስገቡ።

ለብ ያለ ውሃ በሳህን አድርገው ከአምስት እስከ ስምንት የሚሆኑ እሾሆችን ብቻ ይንከሩ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በኋላ አንዱን አውጥተው በአመልካች ጣትዎ ላይ ይጠምጥሙት። ድምፅ ሳያሰማ ከዞረ ደርሷል። ጠጠር ካለና መልሶ ከተፈናጠረ ይመልሱት። በውሃ ውስጥ ለሰዓታት አያቆዩት፤ የደረሰውን አውጥተው በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ያኑሩት። በእናቶቻችን ስፌት አክርማው በውሃ ሳይርስ በወስፌ ቀዳዳ አይገባም፤ ያንን እርጥበት በጣቱ የሚያውቅ ሰው እዚህም ላይ አይቸገርም።

አሁን ሁለቱንም ጫፎች በአሮጌ ጥፍር መቁረጫ ይቁረጡ። ከሹሉ በኩል ጥቁሩን ጫፍ፣ ከሥሩ በኩል ጠበብ ብሎ የሚያልቀውን ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል። ጫፉ ሲከፈት በሚጠፈጠፍበት ጊዜ ውስጡ ያለው አየር መውጫ ያገኛል፤ ካልተከፈተ መሐሉ ላይ ይፈነዳል። የተቆረጡትን ሹል ጫፎች ወዲያው ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ይክተቱ። ምንጣፍ ላይ የወደቀ አንድ ጫፍ ለእግር አደገኛ ነው።

እሾሁን በጠፍጣፋ እንጨት ላይ አድርገው በማንኪያ ጀርባ፣ ከወፍራሙ ሥር ወደ ቀጭኑ ጫፍ፣ ጫን ብለው አንድ ጊዜ ይሳቡበት። ጠፍጣፋና የሚያብረቀርቅ ጥብጣብ ይሆናል። ደጋግሞ መጫን ብርሃኑን ያጠፋዋል። የሚጠፈጥፉት አሁኑኑ የሚሰፉትን ብቻ ነው፤ የቀረው እርጥብ ጨርቁ ውስጥ ይጠብቅ።

ስፌቱ

የሚያስፈልግዎ፦ 12 በ4 ሴንቲ ሜትር የሆነ ለስላሳ የአጋዘን ቆዳ፣ ሁለት ቀጫጭን መርፌዎች፣ በንብ ሰም የታሸ ጠንካራ ክር፣ ቀጭን ወስፌ፣ እርሳስ፣ ወረንጦና ትንሽ መቀስ። ድሮ ክሩ ከአጋዘን ወይም ከጎሽ ጀርባ የሚወጣ ጅማት ነበር። ጅማቱን በቀጭኑ ይሰነጥቁታል፣ ያርሱታል፣ ጫፉን ግን ደረቅ ይተዉታል፤ ደረቁ ጫፍ ጠንካራ ስለሆነ በወስፌ በተከፈተው ቀዳዳ ራሱ እንደ መርፌ ይገባል።

በቆዳው ላይ 6 ሚሊ ሜትር የተራራቁ ሁለት ትይዩ መስመሮች በስሱ ያስምሩ፤ ርዝመታቸው 8 ሴንቲ ሜትር። በእያንዳንዱ መስመር ግራ ጫፍ ላይ አንድ አንድ ክር ከኋላ አስገብተው ቋጠሮውን ያጥብቁ። የላይኛው ክር ለላይኛው መስመር ብቻ፣ የታችኛው ለታችኛው ብቻ ነው።

የዚህ ስፌት ምሥጢር መርፌው ቆዳውን በስቶ ከኋላ አለመውጣቱ ነው። መርፌው የቆዳውን የላይኛውን ገጽ ብቻ ቆንጥጦ በአግድም ይገባና እዚያው ፊት ለፊት ይወጣል። ስለዚህ ከመነሻው ቋጠሮ በስተቀር ከኋላ ሲታይ ክር የለም። ቆዳው ከሳሳ ይህ አይቻልም፤ ቢያንስ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ውፍረት ያለው ይምረጡ።

የተጠፈጠፈውን እሾህ ያንሱ። ጫፉን አራት ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ አጥፈው በታችኛው መስመር መነሻ ላይ ያድርጉት፤ የታችኛውን ክር በላዩ አሳልፈው ቆዳውን በመቆንጠጥ ያጥብቁት። እሾሁን በክሩ ላይ አጥፈው ሰያፍ አድርገው ወደ ላይኛው መስመር ይውሰዱት። መስመሩ ጋ ሲደርስ በጥፍርዎ ይያዙት፤ የላይኛውን ክር በእሾሁ ላይ አሳልፈው ከሁለት ሚሊ ሜትር ባልበለጠ ስፌት ይንከሱት። ከዚያ እሾሁን በዚያው ክር ላይ አጥፈው ወደ ታች ይመልሱት። እጥፋቱ ክሩን ይሸፍነዋል። ታች ሲደርስ የታችኛው ክር ይይዘዋል፣ እንደገና ይታጠፋል፣ ወደ ላይ ይሄዳል። እንዲህ እያለ ጥርስ ያለው የሚመስል ጥቅጥቅ ያለ መስመር ይወጣል። ትክክል ከሠሩ አንድም ክር አይታይም።

እያንዳንዱ እጥፋት ከቀደመው ጋር ሊነካካ ይገባል። ቆዳው በመሐል ከታየ ክሩን ሳያጠብቁ እሾሁን በጥፍርዎ ወደ ግራ ገፋ ያድርጉት። ክሩን ሲስቡ ደግሞ እሾሁ እስኪተኛ ብቻ ይሳቡ፤ ከዚያ ካለፈ ክሩ እሾሁን ይቆርጠዋል።

እሾሁ አንድ ሴንቲ ሜትር ሲቀረው ታችኛው መስመር ላይ ያቁሙት። አዲሱን እሾህ በላዩ አስተኝተው ሁለቱንም በአንድ ስፌት ይያዙ። የአሮጌውን ጭራ ከስፌቱ አጠገብ ይቁረጡት፤ የአዲሱ የመጀመሪያ እጥፋት ይሸፍነዋል። ቀለም የሚቀየረውም እዚህ ላይ ነው። 6 ሴንቲ ሜትር የሆነ እሾህ አንድ ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ያህል መስመር ስለሚሸፍን፣ ለ8 ሴንቲ ሜትር ስፌት የሚበላሸውንም አስበው 15 ያዘጋጁ። ሲጨርሱ የመጨረሻውን ጫፍ በወረንጦ ከቀደመው እጥፋት ሥር ያስገቡት።

እሾሁ ገና እርጥብ ሳለ መስመሩን በማንኪያ ጀርባ ቀስ ብለው ያሹትና በሁለት ንጹሕ ጨርቆች መካከል አድርገው ከባድ መጽሐፍ ጭነውበት ያሳድሩት። ሲደርቅ እንደ ገና ይጠነክራል፤ የያዘውን ቅርጽም አይለቅም።

እሾሁ እጥፋቱ ላይ ከተሰበረ ደርቋል፤ ጨርቁን ያርሱ። መስመሩ ሲደርቅ ከላላ እሾሁ ከመጠን በላይ ርሶ ነበር፤ ሲደርቅ ይጠብባል። ሁለቱ መስመሮች እየተቀራረቡ ከሄዱ የላይኛውን ክር አጥብቀው እየሳቡ ነውና እጅዎን ያላሉ።

የበርች ቅርፊት ሥራ

ሚክማኮችና ኦዳዋዎች በሚታወቁበት የቅርፊት ሳጥን ላይ እሾሁ አይሰፋም። በእርጥብ የበርች ዛፍ ቅርፊት ላይ በወስፌ ጥንድ ቀዳዳ ይከፈታል፤ የእሾሁ ሁለት ጫፎች ገብተው ከኋላ ይታጠፋሉ። ቅርፊቱ ሲደርቅ ቀዳዳው ይጠብና ያለ ክርና ያለ ሙጫ ይይዘዋል። የኋላው ጫፍ በሌላ ቅርፊት ይሸፈናል። የኦዳዋዋ ዮቮን ዎከር ኬሺክ በዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካን ብሔራዊ የቅርስ ሽልማት አግኝታለች። በላኮታ የቆዳ ስፌት ደግሞ አሊስ ኒው ሆሊ ብሉ ሌግስ በ1985 ተሸልማለች። በዋሽንግተንና አካባቢው የምትኖሩ ወገኖቻችን የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ብሔራዊ ሙዚየም ቅርባችሁ ነው፤ መግቢያውም ነጻ ነው። መርፌ ከማንሳትዎ በፊት ወደዚያ ሄደው አሮጌዎቹን ሥራዎች በቅርብ ቢመለከቱ ከብዙ ማብራሪያ የበለጠ ይማራሉ።

የሰውን ባሕል ስንማር

ይህ ጥበብ ባለቤት አለው። በላኮታዎች ዘንድ እሾህ መስፋትን ለሴቶች ያስተማረችው በሕልም የምትታይ “ድርብ ሴት” ናት ተብሎ ይነገራል። ሸየኖች ዘንድ የሚሰፉት ሴቶች የራሳቸው ማኅበር ነበራቸው፤ ሥራውም በስእለትና በሥርዓት የሚጀመር ነበር። ስለዚህ ስፌቱን ይማሩ፣ ንድፉን ግን ከራስዎ ያውጡ። ከጥለታችን ላይ የሚወሰድ መስቀልና ሰያፍ ሞልቷል። ለሽያጭ ካቀረቡ ደግሞ የነባር ሕዝቦች ሥራ ነው ብለው አይጻፉበት፤ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የጎሣ አባል ያልሠራውን ነገር በዚያ ስም መሸጥን ይከለክላል።

የእኛው ጃርት እሾህ

አገር ቤት ጃርት በሚመላለስበት መንገድና በጉድጓዱ አፍ የወደቀ እሾህ ይገኛል። ለዚህ ብሎ እንስሳውን ማደን አያስፈልግም፤ ያለ ፈቃድ ማደንም ክልክል ነው። ከአገር ይዘው የሚወጡ ከሆነ አስቀድመው ስለ ፈቃዱ የዱር እንስሳት ባለሥልጣንን፣ ስለሚገቡበት አገር ደንብም ጉምሩኩን ይጠይቁ።

ይህን እሾህ አያርሱት፣ አይጠፍጥፉት። በሳሙና ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ጥቃቅን ጥርስ ባለው ትንሽ መጋዝ፣ እያዞሩ፣ ጥቁርና ነጩ በሚገናኝበት ላይ ይቁረጡት፤ በመቀስ ከተቆረጠ ይሰነጠቃል። ውስጡ ያለውን ነጭ ስፖንጅ በጋለ መርፌ ቀስ ብለው ይብሱት። የተቆረጠውን አፍ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱ፤ ብናኙ ሳንባ እንዳይገባ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ። ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር የሆኑት ቁራጮች በብር ወይም በእንጨት ዶቃ እየተለያዩ ሲሰኩ የተፈጥሮ ቀለማቸው ብቻውን የአንገት ጌጥ ይሆናል። ሙሉው እሾህ ደግሞ ሹሉ ተቆርጦ ከተለሰለሰ ጸጉር መያዣ ይወጣዋል።

ከጅራቱ የወደቀ ካገኙ ለብቻው ያስቀምጡት። እሱ አጭር፣ ነጭ፣ አፉ ክፍትና ውስጡ ባዶ ነው፤ ጃርቷ ስትቆጣ ጅራቷን እያራገበች የምታንሿሿው በእሱ ነው። ሁለት ወይም ሦስቱን በቀጭን ሽቦ አንድ ላይ ካንጠለጠሉ በሄዱበት ሁሉ በስሱ የሚንሿሿ የጆሮ ጌጥ ይሆናል። ሲያስሩት በአንገቱ፣ በቀጭኑ በኩል ይሰሩት፤ ክፍቱ አፍ ስስ ስለሆነ ሽቦ ከያዘው ይሰበራል።